የጂፒዩ ኮድ ሲያያዝ «ስሙን አላገኘሁትም» የሚለው ማን ነው?

ኮዱን ጽፋችሁ ጨርሳችኋል። ኮምፓይለሩም (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ፋይሎቹን አንድ በአንድ እያለፈ 96 በመቶ፣ 98 በመቶ እያለ መጥቷል። ልክ ሊያልቅ ሲል ስክሪኑ በቀይ ይሞላና «አንዲፋይንድ ሪፈረንስ» የሚል መስመር ይመጣል። ከጎኑ ደግሞ እናንተ ጽፋችሁት የማታውቁት፣ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ረጅም ስም አለ። ፋይሉን ከፍታችሁ ስታዩ ፈንክሽኑ እዚያው ቁጭ ብሏል። ማሽኑ ግን የለም ይላል።

በጂፒዩ (በግራፊክስ ፕሮሰሰር) ኮድ የሚሠራ ሰው ሁሉ እዚህ ቦታ ላይ ቆሞ ያውቃል። ብዙዎቻችን ያኔ የምናደርገው መልእክቱን ገልብጠን መፈለግ፣ ከዚያም ያገኘነውን ፍላግ (ለትእዛዙ የሚጨመር አማራጭ) ሁሉ ትእዛዙ ላይ መደርደር ነው። አንዳንዴ ይሠራል። ለምን እንደሠራ ግን ስለማናውቅ በሚቀጥለው ሳምንት ያው ስህተት መልኩን ቀይሮ ይመጣል።

ነገሩን የሚያወሳስበው አንድ እውነት ነው፤ የጂፒዩ ኮድ የሚያያዘው አንዴ ሳይሆን ሁለት ጊዜ ነው። የሚያያይዙትም ሁለት የተለያዩ ፕሮግራሞች ናቸው። «አላገኘሁም» ያለው የትኛው እንደሆነ ከታወቀ መፍትሔው ብዙ ጊዜ ከአንድ መስመር አይበልጥም። ምሳሌዎቹን የምወስደው አብዛኛው ሰው ከሚሠራበት ከኩዳ፣ ማለትም ከኤንቪዲያ የጂፒዩ ፕሮግራሚንግ መሣሪያ ነው። የትእዛዞቹን ስም ደግሞ ስንነጋገር እንደምንጠራቸው ጽፌያቸዋለሁ።

ሊንከር ምን ይሠራል?

ትልቅ ፕሮግራም በአንድ ፋይል አይጻፍም። ኮምፓይለሩ እያንዳንዱን ፋይል ለብቻው ይተረጉማል፤ አንዱን ሲተረጉም ሌላውን አያይም። ከትርጉሙ የሚወጣው ኦብጀክት ፋይል ይባላል። በውስጡ ከማሽን ኮዱ ሌላ ሁለት የስም ዝርዝር አለ፤ አንዱ «እኔ ጋ ያሉ»፣ ሁለተኛው «ከሌላ ቦታ የምፈልጋቸው»።

ሊንከር እነዚህን ዝርዝሮች ሰብስቦ ፈላጊውን ከተፈላጊው ያገናኛል። የቀበሌ መዝገብ ያዥ ብላችሁ አስቡት። አንዱ ፋይል «እከሌን አገናኙኝ» ሲል መዝገቡን ይገልጣል። ካገኘው አድራሻውን ይሰጣል፤ ካጣው ሥራውን አቁሞ ስሙን ጠርቶ «ይህ ሰው እኔ ጋ አልተመዘገበም» ይላል። «አንዲፋይንድ ሪፈረንስ» ማለት ይኸው ነው።

መዝገብ ያዡ የእናንተን የምንጭ ኮድ አይቶት አያውቅም። የሚያየው መዝገቡን ብቻ ነው። ስለዚህ «ፈንክሽኑ ፋይሉ ውስጥ አለኮ» የሚለው ክርክር እሱ ጋ አያስኬድም። መጠየቅ ያለበት ፋይሉ ተተርጉሟል ወይ፣ ለሊንከሩ ቀርቦለታል ወይ፣ በተጠራበት ስም ተመዝግቧል ወይ የሚለው ነው።

ያ ረጅም ስምስ ከየት መጣ?

እኛ አገር ሰው ሲመዘገብ የራሱ ስም ብቻ አይበቃም፤ የአባትና የአያት ስም ይከተላል። በአንድ ቀበሌ ስንት አበበ አለና! ሲ ፕላስ ፕላስም እንደዚሁ ነው። አንድ ስም ያላቸው ብዙ ፈንክሽኖች እንዲኖሩ ይፈቅዳል፤ የሚለዩት በሚቀበሉት ነገር ዓይነት ነው። ስለዚህ ኮምፓይለሩ ሲመዘግባቸው ዓይነቱን እንደ አባት ስም ከኋላ ያስከትልላቸዋል።

ለምሳሌ የፍሎት ፖይንተር (የአስርዮሽ ቁጥር አድራሻ) እና አንድ ኢንት (ሙሉ ቁጥር) የሚቀበል «ስኬል» የሚባል ፈንክሽን አለ እንበል። መዝገብ ላይ የሚገባው «አንደርስኮር ዜድ 5 ስኬል ፒ ኤፍ አይ» ተብሎ ነው። «አንደርስኮር ዜድ» የሲ ፕላስ ፕላስ ስም ነው ማለት ነው። 5 ስሙ በላቲን ሲጻፍ ያለው የፊደል ብዛት ነው። «ፒ ኤፍ» የፍሎት ፖይንተር፣ «አይ» ደግሞ ኢንት ነው። ሲ ቋንቋ ግን የአባት ስም አይጨምርም፤ «ስኬል» ብሎ ይመዘግባል፣ አበቃ።

ይህን በቅጡ ያስተማረኝ ሁለት ቀን የፈጀብኝ ስህተት ነው። ፈንክሽኑ አለ፣ ፋይሉ ተተርጉሟል፣ ለሊንከሩም ቀርቧል። የቀረኝ ፍላግ አልነበረም። በመጨረሻ የሁለቱን ኦብጀክት ፋይሎች የስም ዝርዝር ጎን ለጎን አድርጌ ፊደል በፊደል ሳነብ ልዩነቱን አገኘሁት፤ አንዱ በ«አይ» ያልቃል፣ ሌላው በ«ጄ»። «ጄ» አንሳይንድ ኢንት፣ ማለትም ከዜሮ በታች የማይሆን ሙሉ ቁጥር ነው። ሄደሩ (አዋጆች የሚቀመጡበት ፋይል) ላይ ቁጥሩን አንሳይንድ ብዬ አውጄ ፈንክሽኑን ስጽፍ ኢንት ብዬው ነበር። ለመዝገብ ያዡ እነዚህ አባታቸው የተለያየ ሁለት ሰዎች ናቸው።

የስም ዝርዝሩን የሚያሳየው መሣሪያ «ኤንኤም» ይባላል፤ ሊኑክስ ላይ አብሮ ይመጣል። ከስሙ ፊት «ቲ» የሚል ፊደል ካለ ፈንክሽኑ እዚያ ፋይል ውስጥ አለ ማለት ነው፤ «ዩ» ካለ ደግሞ ፋይሉ ስሙን እየፈለገ ነው። ረጅሙን ስም ወደሚነበብ መልክ የሚመልሰው «ሲ ፕላስ ፕላስ ፊልት» ነው። በሲ የተጻፈን ነገር ከሲ ፕላስ ፕላስ ወይም ከኩዳ ፋይል ስትጠሩ ደግሞ አዋጁ ላይ «ኤክስተርን ሲ» መጨመር አለበት። ያኔ ፈላጊው የአባት ስም ሳይጨምር ይጠራል።

ጂፒዩ ሲገባ ምን ይለወጣል?

አንድ የኩዳ ፋይል ውስጥ ለሁለት ማሽን የተጻፈ ኮድ አለ። ከፊሉ በሲፒዩ (በዋናው ፕሮሰሰር)፣ ከፊሉ በጂፒዩ ላይ ይሮጣል። ኤንቪሲሲ የምንለው ኮምፓይለር በእርግጥ አስተባባሪ ነው። ፋይሉን ለሁለት ይከፍለዋል። የሲፒዩውን ክፍል ሊኑክስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ለጂሲሲ፣ ዊንዶውስ ላይ ለማይክሮሶፍት ኮምፓይለር ይሰጣል። የጂፒዩውን ክፍል መጀመሪያ ፒቲኤክስ ወደሚባል መካከለኛ ቋንቋ ያወርደዋል፤ ቀጥሎ «ፒቲኤክስኤኤስ» የሚባለው መሣሪያ ወደ ማሽን ኮድ ይቀይረዋል። ይህ የማሽን ኮድ ኩቢን ይባላል።

በመጨረሻ የጂፒዩው ኮድ ታሽጎ በሲፒዩው ኦብጀክት ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ለሲፒዩው ሊንከር ይህ የታሸገ ካርቶን ነው። መኖሩን ያያል፤ ከፍቶ ግን አያነብም፣ ቋንቋውም አይደለም። ስለዚህ አንዱ የጂፒዩ ፋይል ሌላ የጂፒዩ ፋይል ውስጥ ያለ ፈንክሽን ሲጠራ ካርቶኖቹን ከፍቶ የሚያገናኝ ሌላ መዝገብ ያዥ ያስፈልጋል። እሱም ኤንቪሊንክ ነው።

ኩዳ በ2007 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ሲወጣ ይህ ሁለተኛ መዝገብ ያዥ አልነበረም። አንድ ከርነል (ሲፒዩው ጂፒዩ ላይ የሚያስነሣው ፈንክሽን) የሚጠራው የጂፒዩ ፈንክሽን ሁሉ እዚያው ፋይል ውስጥ መሆን ነበረበት። ለየብቻ ተርጉሞ በኋላ ማያያዝ የተቻለው በ2012 ከኩዳ 5 ጋር ነው። ዛሬም ቢሆን በግልጽ ካልጠየቃችሁት ኤንቪሲሲ የሚሠራው በድሮው ልማድ፣ እያንዳንዱን ፋይል በራሱ ሙሉ አድርጎ በመቁጠር ነው። ቀጥሎ ከምታዩአቸው ስህተቶች ብዙዎቹ የሚነሡት ከዚህ ነው።

«አስቀድሞ» ኮምፓይል ማድረግ ማለት ምን ማለት ነው?

ፒቲኤክስን እንደ ሊጥ፣ ኩቢንን እንደ ተጋገረ እንጀራ እዩት። ሊጥ ይዛችሁ ብትሄዱ ቦታው ላይ ያለው ሰው በራሱ ምጣድ ይጋግረዋል። እዚህ ጋጋሪው የጂፒዩው ድራይቨር ነው፤ ፕሮግራሙ ሲነሣ ፒቲኤክሱን ለዚያ ጂፒዩ ይተረጉመዋል። ጥቅሉ ትልቅ ከሆነ ግን ተጠቃሚው መጀመሪያ ሲያስነሣው ይጠብቃል።

አስቀድሞ ኮምፓይል ማድረግ ማለት እንጀራውን ጋግሮ መላክ ነው። ፕሮግራሙ ሳይቆይ ይነሣል፤ ስህተት ካለም ተጠቃሚው እጅ ከመድረሱ በፊት እናንተ ጋ ይታያል። ችግሩ ለአንዱ የጂፒዩ ትውልድ የተጋገረው ለሌላው አይሆንም። ኤንቪዲያ ትውልዶቹን በቁጥር ይለያቸዋል፤ ለ8.0 የተሠራ ኩቢን በ8.6 ላይ ይሮጣል፣ ዋናው ቁጥር አንድ ስለሆነና ኋለኛው ቁጥር ስለሚበልጥ። በ9.0 ላይ ግን አይሮጥም። ከ8.6 ወደ 8.0 መመለስም አይቻልም። ፒቲኤክስ ደግሞ ወደፊት ለሚመጡ ጂፒዩዎች ሁሉ ሊጋገር ይችላል። ለዚህ ነው ጥንቁቅ ሠሪዎች የሁለቱንም ዓይነት አንድ ላይ የሚያሽጉት፤ ጥቅሉ ፋትቢን ይባላል።

«አላገኘሁም» ያለውን በምን እለየዋለሁ?

የስህተቱን መስመር መጀመሪያ በማየት። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ሰው ግን ዓይኑ የሚሄደው ወደ ረጅሙ ስም ነው። መስመሩ «ፒቲኤክስኤኤስ ፌታል» ብሎ ከጀመረ ገና ማያያዙ ጋ አልደረሳችሁም። «ኤንቪሊንክ ኤረር» ካለ የጂፒዩው መዝገብ ያዥ ነው። «ኤልዲ» ወይም «ኮሌክት 2» የሚል ካለ፣ ዊንዶውስ ላይ ደግሞ «ኤልኤንኬ 2019» ካለ የሲፒዩው ነው። ሁሉም አልፎ ፕሮግራሙ ሲነሣ «አንዲፋይንድ ሲምቦል» ካለ ሌላ ነው፤ ያ ላይብረሪዎችን በመነሻ ሰዓት የሚጭነው ሎደር ነው። «ሪፈረንስ» እና «ሲምቦል» የምትለዋን የቃል ልዩነት ልብ በሉ፤ ብዙ ሰዓት ታድናለች።

የጂፒዩው ፈንክሽን «አልተፈታም» ቢለኝስ?

መልእክቱ «ፒቲኤክስኤኤስ ፌታል፦ አንሪዞልቭድ ኤክስተርን ፈንክሽን» ይላል። ምክንያቱ ቅድም ያልነው የድሮ ልማድ ነው። ከርነሉ ሌላ ፋይል ውስጥ ያለ የጂፒዩ ፈንክሽን ይጠራል፤ ኤንቪሲሲ ግን «ሁሉም ነገር እዚህ ፋይል ውስጥ ነው» ብሎ ስለተነሣ ወደ ውጭ የሚፈልግ ስም ሲያጋጥመው ይቆማል።

መፍትሔው «ዳሽ አርዲሲ ኢኩል ትሩ» የሚለው ፍላግ ነው። «ይህ የጂፒዩ ኮድ በኋላ ከሌላ ጋር ይያያዛል፤ ያልተገኙ ስሞችን መዝግበህ እለፍ» ማለት ነው። ሲሜክ (የቢልድ ትእዛዞችን የሚያዘጋጅ መሣሪያ) የምትጠቀሙ ከሆነ «ኩዳ ሴፓረብል ኮምፓይሌሽን» የሚለውን አብሩ። ፍላጉ በአንዱ ፋይል ብቻ ሳይሆን እርስ በርስ በሚጠራሩት ሁሉ ላይ መሆን አለበት።

ይህ በነጻ አይገኝም። ፈንክሽኑ ሌላ ፋይል ውስጥ ሲሆን ኮምፓይለሩ ጥሪውን አጥፍቶ ኮዱን እዚያው ሊያስገባው አይችልም፤ ከርነሉ ሊዘገይ ይችላል። ትንሽ ፈንክሽን ከሆነ ሄደር ውስጥ «ኢንላይን» ብላችሁ ብታስቀምጡት ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ፍላጉም አያስፈልጋችሁም። «ኢንላይን» የምትለዋን ቃል ግን አትርሷት፤ ያለሷ ሄደሩን የጠራ ፋይል ሁሉ የራሱን ቅጂ ያስመዘግብና ስህተቱ «መልቲፕል ዴፊኒሽን» ሆኖ ይመጣል፤ አንድ ሰው ሁለት ቦታ ተመዝግቧል እንደማለት ነው።

ፍላጉን ጨምሬ ሌላ ስህተት መጣ፤ አሁንስ?

በጣም የተለመደው ይኼ ነው። የመጀመሪያውን ፈታችሁ ስትደሰቱ «አንዲፋይንድ ሪፈረንስ» ይልና ስሙ «ኩዳ ሬጅስተር ሊንክድ ባይነሪ» ብሎ ጀምሮ በቁጥርና በፋይል ስም ይቀጥላል። ይህን ስም ማንም ሰው አልጻፈውም፤ ያስገባው ኤንቪሲሲ ራሱ ነው። ትርጉሙም «የጂፒዩው መዝገብ ያዥ ሥራውን ሲጨርስ እዚህ ቦታ ላይ ይፈርማል» ማለት ነው። የሲፒዩው ሊንከር ደርሶ ፊርማውን ሲፈልገው የለም፤ ምክንያቱም ኤንቪሊንክ ጭራሽ አልተጠራም።

ይህ የሚሆነው ፋይሎቹን በኤንቪሲሲ ተርጉማችሁ የመጨረሻውን ማያያዝ በጂ ፕላስ ፕላስ (በጂሲሲ የሲ ፕላስ ፕላስ ትእዛዝ) ስታደርጉት ነው። ጂ ፕላስ ፕላስ ስለ ካርቶኖቹ አያውቅም። አንዱ መውጫ የመጨረሻውንም ማያያዝ በኤንቪሲሲ ማድረግ ነው፤ ሁለቱንም መዝገብ ያዦች እሱ በተራ ይጠራቸዋል። የግድ በጂ ፕላስ ፕላስ መሆን ካለበት ግን ከዚያ በፊት ኦብጀክቶቹን ሁሉ «ኤንቪሲሲ ዳሽ ዲሊንክ» ላይ አሳልፉ። አንድ ተጨማሪ ኦብጀክት ፋይል ይወጣል፤ የጎደለው ፊርማ ያለው እሱ ውስጥ ነው። እሱን ከሌሎቹ ጋር አድርጋችሁ፣ «ኩዳ ዴቭአርቲ» እና «ኩዳ አርቲ» የሚባሉትን ላይብረሪዎች ጨምራችሁ ለጂ ፕላስ ፕላስ ስጡት።

ስታቲክ ላይብረሪ (የኦብጀክት ፋይሎች ጥቅል) የምትሠሩና ሌላ ሰው በተራ ሲ ፕላስ ፕላስ እንዲያያይዘው የምትሰጡ ከሆነ ያው ነገር በእሱ ላይ ይደርሳል። ሲሜክ ስታቲክ ላይብረሪ ላይ የጂፒዩውን ማያያዝ በራሱ አይሠራም፤ ለመጨረሻው ፕሮግራም ይተወዋል። «ኩዳ ሪዞልቭ ዲቫይስ ሲምቦልስ» የሚለውን ብታበሩት ፊርማው እዚያው ላይብረሪው ውስጥ ይገባል።

ኤንቪሊንክ ራሱ «አላገኘሁም» ሲልስ?

መዝገብ ያዡ ተጠርቷል ማለት ነው፤ ይህ ጥሩ ዜና ነው። የቀረው ከሦስት ነገር አንዱ ነው። ወይ ፋይሉ አልቀረበለትም፤ ወይ ስሙ በአንድ ፊደል ይለያል፤ ወይ ደግሞ ካርቶኑ ውስጥ ያለው ለሌላ ምጣድ የተጋገረ ነው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነው። ፋይሎቹን ስትተረጉሙ «ኤስኤም 86» (ማለትም 8.6) ብላችሁ በማያያዙ ትእዛዝ ላይ የጂፒዩውን ቁጥር ካልደገማችሁት ኤንቪሊንክ በልማዱ ሌላ ቁጥር ይዞ ይነሣል። ካርቶኑን ከፍቶ በዚያ ቁጥር የተጋገረ ሲያጣ ስሞቹ እንደሌሉ ይቆጥራቸዋል። ከስህተቱ ከፍ ብሎ ብዙ ጊዜ «ኤስኤም አርክ ኖት ፋውንድ» የሚል ማስጠንቀቂያ ይኖራል፤ ሰው ማስጠንቀቂያ አያነብምና ያልፈዋል። የጂፒዩው ቁጥር በመተርጎሙም በማያያዙም ትእዛዝ ላይ አንድ መሆን አለበት።

ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ለማየት «ኤንኤም» አይረዳችሁም፤ እሱ የሲፒዩውን መዝገብ ብቻ ነው የሚያነበው። የጂፒዩውን የሚያነበው «ኩኦብጅደምፕ» ነው። «ሊስት ኢኤልኤፍ» ስትሉት የተጋገሩትን፣ «ሊስት ፒቲኤክስ» ስትሉት ሊጡን ይዘረዝራል።

አንድ ነገር ደግሞ ከሥር መሠረቱ አይቻልም፤ የጂፒዩ ፈንክሽን በሼርድ ላይብረሪ (ፕሮግራሙ ሲነሣ በሚጫን ላይብረሪ) ድንበር ተሻግሮ አይጠራም። አንዱ ሼርድ ላይብረሪ ውስጥ ያለ ከርነል ሌላ ሼርድ ላይብረሪ ውስጥ ያለ የጂፒዩ ፈንክሽንን ሊያያይዝ አይችልም፤ ኤንቪሊንክ የሚቀበለው ኦብጀክትና ስታቲክ ላይብረሪ ነው። ማንኛውም ፍላግ ይህን አይለውጠውም። ወይ ስታቲክ አድርጉት፣ ወይ ከርነሉን እዚያው ላይብረሪ ውስጥ አስገብታችሁ ከውጭ በተራ የሲፒዩ ፈንክሽን አስጠሩት።

በዚሁ አጋጣሚ በፈረንጆች 2025 ክረምት የወጣው ኩዳ 13 ድንበሩን የበለጠ አጥብቆታል። ከርነሎች አሁን በልማድ ከላይብረሪው ውጭ አይታዩም። የአንዱን ላይብረሪ ከርነል በቀጥታ ከሌላው ያስነሣ የነበረ ፕሮጀክት በኩዳ 12 ያለ ችግር ሲሠራ ቆይቶ በ13 «አንዲፋይንድ» ሊል ይችላል። የድሮውን ባሕርይ የሚመልስ ፍላግ አለ፤ ዘላቂው መፍትሔ ግን ያው በሲፒዩ ፈንክሽን ማስጠራቱ ነው። ኩዳ 13 ማክስዌል፣ ፓስካልና ቮልታ ለሚባሉት የቆዩ ትውልዶችም መጋገር አቁሟል። ጂቲኤክስ 1060 ወይም 1080 ያላችሁ በኩዳ 12 ላይ ቆዩ።

«ኩዳ ማሎክ» አልተገኘም ማለትስ ምን ማለት ነው?

ይህ ቀላሉ ነው። የሲፒዩው ሊንከር ላይብረሪ አጥቷል። የትኛውን እንዳጣ ስሙ ይነግራችኋል። «ኩዳ» ብሎ የሚጀምር ከሆነ፣ ለምሳሌ «ኩዳ ማሎክ»፣ የጎደለው ራንታይም ላይብረሪው ማለትም «ኩዳ አርቲ» ነው። «ሲዩ» ብሎ ብቻ የሚጀምር ከሆነ፣ ለምሳሌ «ሲዩ ኢኒት»፣ የድራይቨሩ ላይብረሪ «ሊብ ኩዳ» ነው። ላይብረሪው ትእዛዙ ላይ እያለ ካልተገኘም ቅደም ተከተሉን እዩ፤ ሊንከሩ ዝርዝሩን ከግራ ወደ ቀኝ አንዴ ነው የሚሄደው፤ ስታቲክ ላይብረሪ ከሚፈልገው ኦብጀክት ኋላ መምጣት አለበት።

«ሊብ ኩዳ» ከኩዳ ጥቅል ጋር አይመጣም፤ ከድራይቨሩ ጋር ነው የሚጫነው። ጂፒዩ በሌለው ሰርቨር ወይም በዶከር ውስጥ ስትሠሩ የማይገኘውም ለዚህ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ በኩዳው ጥቅል ውስጥ «ስተብስ» የሚባል ፎልደር አለ፤ ስሞቹን ብቻ የያዘ፣ ሥራ የማይሠራ ላይብረሪ በውስጡ ተቀምጧል። ለማያያዝ እሱን አሳዩት። ፕሮግራሙ ሲሮጥ በሚፈልግበት መንገድ ላይ ግን አታስገቡት፤ እውነተኛው ድራይቨር ባለበት ማሽን ላይ እንኳ ይህን ባዶ ላይብረሪ አግኝቶ ስህተት ቁጥር 34 ይሰጣችኋል።

ተያይዞ አልቆ የማይሮጠውስ?

ያለ አንድ ስህተት ተያይዞ፣ ሌላ ማሽን ላይ ሲነሣ «ኖ ከርነል ኢሜጅ ኢዝ አቬለብል» የሚል ነገር ይመጣል፤ ቁጥሩ 209 ነው። የትኛው ጂፒዩ ላይ እንደሚሮጥ ሳያረጋግጡ ጋግረው የላኩት እንጀራ ነው። አንድ የማውቀው ተማሪ ጎግል ኮላብ ላይ ቲ4 በሚባለው ጂፒዩ ከርነሉን ሠርቶ ላይብረሪውን አርቲኤክስ 3060 ወዳለበት ላፕቶፑ አመጣው። ቲ4 7.5 ነው፤ 3060 ደግሞ 8.6። የተረጎመው «አርክ ኢኩል ኔቲቭ» በሚለው ፍላግ ነበር። ይህ ፍላግ እዚያው ማሽን ላይ ላለው ጂፒዩ ብቻ ይጋግራል፤ ሊጥም አያስቀርም። በ«ኩኦብጅደምፕ» ስናየው በእርግጥም «ኤስኤም 75» የሚል አንድ ፋይል ብቻ ነበር፤ የፒቲኤክሱ ዝርዝር ባዶ ነው። «ጄንኮድ» በሚለው ፍላግ 75ንም 86ንም አስጋግሮ ለመጪዎቹ ደግሞ ፒቲኤክስ ጨመረበት፤ በዚያው ሠራ።

ሊጥ መጨመርም ገደብ አለው። ፒቲኤክሱ በአዲስ ኩዳ ተሠርቶ የተጠቃሚው ድራይቨር የቆየ ከሆነ ጋጋሪው ሊጡን አያውቀውም፤ ስህተት 222 ይመጣል። ያኔ የሚታደሰው ድራይቨሩ ነው።

ፓይቶርች ላይ የሚመጣውስ?

ለፓይቶርች (በፓይተን ለሚሠራ የማሽን ለርኒንግ ላይብረሪ) የራሳችሁን ከርነል ሠርታችሁ ፓይተን ላይ ስትጠሩት «አንዲፋይንድ ሲምቦል» ብሎ ስሙ «አንደርስኮር ዜድ ኤን 3 ሲ10» ብሎ ከጀመረ የሚፈለገው የፓይቶርች ውስጣዊ ላይብረሪ ነው። ይህ የሎደር ስህተት ነው፤ ጂፒዩው የለበትም። ብዙ ጊዜ ከርነሉ የተሠራበት ፓይቶርችና አሁን የተጫነው እትማቸው ይለያያል። ስሙ መሐል «ሲኤክስኤክስ 11» የሚል ካያችሁ ደግሞ ምክንያቱ ከ2015 ጀምሮ የመጣ ነው። ያኔ ጂሲሲ 5 የጽሑፍ ዓይነቱን አሠራርና የሚመዘገብበትን ስም ቀየረ። ፓይቶርች ለሊኑክስ የሚያወጣቸው ጥቅሎች ለዓመታት በአሮጌው ስም ቆይተው በ2025 ወደ አዲሱ ተሻግረዋል፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት የተሠራ ከርነል አሁን ስሙን ያጣል። አሮጌውን የቢልድ ፎልደር አጥፍታችሁ አሁን በተጫነው ፓይቶርች ላይ እንደገና ሥሩት። «ሊብ ሲ10 ሊከፈት አልቻለም» ካለ ግን ይህን ሁሉ አታድርጉ፤ ከእናንተ ሞጁል በፊት ፓይቶርችን ኢምፖርት ማድረግ ይበቃል።

በኤኤምዲና በኢንቴል ላይስ?

ሐሳቡ ያው ነው፤ ሂፕና ሲክል እዚያ የኩዳን ቦታ የሚይዙ ናቸው። በኤኤምዲ ሂፕ ላይ ለየብቻ ለመተርጎም የሚያገለግለው ፍላግ «ኤፍ ጂፒዩ አርዲሲ» ነው፤ በመተርጎሙም በማያያዙም ላይ መሰጠት አለበት። በኢንቴል ሲክል ላይ አስቀድሞ መጋገሩ የሚሠራው በማያያዙ ደረጃ ላይ ስለሆነ የጂፒዩው ስም እዚያ ትእዛዝ ላይ መኖር አለበት፤ የሚጋግረው «ኦክሎክ» የሚባለው መሣሪያም መጫን ይኖርበታል።

ብዙ ትውልድ ሲታሸግ የሚመጣው ልዩ ስህተት

«ሪሎኬሽን ትራንኬትድ ቱ ፊት» የሚል መልእክት ካያችሁ የጠፋ ስም የለም። ጥቅሉ ከመጠን በላይ ሆኗል። በኢንቴልና በኤኤምዲ ሲፒዩዎች ላይ ኮዱ በልማድ የሚጻፈው ማንኛውም አድራሻ ከ2 ጊጋባይት ርቀት አይበልጥም በሚል ግምት ነው። ለሰባትና ስምንት የጂፒዩ ትውልድ የተጋገረ ትልቅ ላይብረሪ ይህን ያልፋል። የማትፈልጓቸውን ትውልዶች ቀንሱ፣ ካልሆነም ላይብረሪውን ለሁለት ክፈሉት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ያልተፈታ ካለ ኤንቪሲሲን «ድራይ ረን» በሚለው ፍላግ ጥሩት። ምንም ሳይሠራ ሊያደርግ ያሰበውን በየመስመሩ ያሳያችኋል፤ ፋይሉ የት እንደሚከፈል፣ የትኛው ክፍል ለማን እንደሚሰጥ፣ በየትኛው የጂፒዩ ቁጥር እንደሚጋገር። በሲሜክ ወይም በሜክ የምትሠሩ ከሆነ «ቨርቦዝ»ን አብሩና የመጨረሻውን የማያያዣ መስመር አንብቡ። የሚጀምረው በጂ ፕላስ ፕላስ ከሆነና ከሱ በፊት ዲሊንክ የሚል መስመር ከሌለ ኤንቪሊንክ አልተጠራም ማለት ነው።